አንድ ሰው መጡ

ጣልያኑ የኬላ ሹም ዝምድና ቀረ አለ። ከእንግዲህ የመንግሥት ሥራ በፈተና ነው፤ የቻለ ይገባል። ይህን በአማርኛ የነገረን አስተርጓሚው ነው። የእህቱ ልጅ አዛናው አጠገቡ ቆሟል።

የተፈለገው አንድ ሰው ነው። ከጋላባት ወደ መተማ የሚገባውን ኬላው ላይ ቆሞ እያየ ለሹሙ በጣልያንኛ የሚናገር። ባሌ አለነ አስመራ ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ ቋንቋውን ይችላል። ደረቱን ግን ያመዋል። ሥራ የሌለው ወንድ ሁሉ ክረምቱ ሲወጣ ለመንገድ ሥራ ይጫናል ተብሏል። በዚህ ቆላ ድንጋይ ፈልጦ አይተርፍልኝም። ሂድ አልኩት። ሸሚዙን አጠብኩለት።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠዋት ኬላው ላይ ቆሞ ያዩትን ገብቶ መናገር። ያን ጠዋት የገቡት አባ ውባንተ ብቻ ናቸው፣ ከነአህያቸው።

መጀመሪያ አለነ ገባ። አባ ውባንተ መጡ፣ ማሽላ ጭነዋል፣ ደክሟቸው ጥላ ስር ተቀምጠዋል አለ። በጣልያንኛ ደግሞ መጡ ከተባለ ብዙ ሰው ነው።

«ስንት ናቸው?» አለ ሹሙ።

«አንድ ናቸው።»

«አንድ ከሆነ መጣ በል።»

«ሽማግሌ ናቸው እኮ ጌታዬ።»

ሹሙ «ይህ ሰው ቁጥር አያውቅም» ብሎ ጻፈበት።

አዛናው ገባ። አንድ ሽማግሌ መጣ፣ አንድ አህያ መጣ አለ። ተቀጠረ። አጎቱ ጣቱንም አላነሳ፤ ልጁን የረዳው ብልግናው ነው።

አለነ ቤት ሲመጣ ምን ነበር መጣ ብትል ብዬ ተቆጣሁት። የክርስትና አባቴን ነው አንተ የምለው? አለኝ። ለመንገዱ ስንቅ ሽምብራ ቆላሁ።

በሳምንቱ የሹሙ አለቃ ከጎንደር መጣ። አዛናው በሩን ከፍቶ «አንተ፣ ግባ» አለው። ለካ በዚያ ሰሞን ጣልያኖቹም ለአለቃ እናንተ በሉ ተብለው ታዘዋል። በጥፊ ተመታና ለመንገድ ሥራ ተጻፈ። አጎቱ አሁንም ጣቱን አላነሳም።

አለነ ተጠራ። በችሎታህ ተመርጠሃል አለው ሹሙ።

ዛሬም አዛውንት ሲገቡ መጡ ነው የሚለው። ሹሙ መጠየቅ ሰለቸው፤ አለነ መጡ ባለ ቁጥር ሁለት ይጽፋል። በሁለት ወር የመተማ ኬላ ሰው በዛበት ተብሎ ለጎንደር ተነገረ። ሹሙ ማዕረግ ተጨመረለት፣ በሥራው።

ትናንት ከአማቴ ከእሜቴ አየሁሽ ጋር ከጋላባት ተመለስን። ሦስት ሴት ተብለን ተጻፍን።

«ሦስተኛዋ ማናት?» አሉኝ።

«አንቱ ነዎት» አልኳቸው።