ለሙሽሪት የሰጠሁት ኪራይ

1.

«አምስት ሺህ ብር!» አለ ድምፅ ማጉያው።

እልልታ።

እኔም አጨበጨብኩ። ይሄ ለጋስ ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።


2. መመሪያ፦ ሠርግ ለሚሄድ ተከራይ

ሀ. ሁለት ነጭ ፖስታ ውሰድ። (የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ፖስታ አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ ውስጡ የሚገባው ነው።)

ለ. በአንዱ የወሩን ኪራይ ክተት፤ ሃያ አምስት ባለ ሁለት መቶ ብር። በጀርባው በእርሳስ «የጥር ኪራይ» ብለህ ጻፍ። ግራ ኪስ።

ሐ. በሌላው ስጦታህን ክተት፤ አምስት መቶ ብር። ፖስታው ወፈር እንዲል በባለ አሥር አስመንዝረው። ቀኝ ኪስ።

መ. በቀኝ እጅህ የቁርጥ ሳህን ይዘህ ወደ ስጦታ መቀበያው ጠረጴዛ አትሂድ። ግራ እጅ የሚገባው ግራ ኪስ ነው።

መ የተጨመረው ከሠርጉ በኋላ ነው።


3.

የሠርጉ ባለቤት እትዬ አሰገደች ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከግቢያቸው ጥግ አንዷን ክፍል ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ልጃቸውን ዳሩ።

ኪራዩን ከሠርጉ በኋላ ለእናት ልሰጥ አስቤ፣ በሠርጉ ላይ ለልጅ ሰጠሁት ማለት ነው። ብሩ ከግቢው እንኳ አልወጣም። የገባበት በር ነው የተሳሳተው።


4. ከጠረጴዛው የተቀዳ ቃል

(ስጦታ እየቆጠረች የምትመዘግበው ትርሲት ናት፤ በጽሕፈቷ የታወቀች፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ። ራሴን ሳያመኝ ሦስት ጊዜ ሄጄ ካርድ አስወጥቻታለሁ።)

ትርሲት፦ (ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ) ምንተስኖት፣ እርግጠኛ ነህ?

እኔ፦ ምነው? አነሰ?

ትርሲት፦ ኧረ እኔ አልወጣኝም!

እኔ፦ እንግዲያው ጻፊው። ስሜን ከነአባቴ።

ባለ አሥሮቼን የናቀችብኝ መስሎኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ግድ አይሰጠኝም፤ እሷ ፊት ግን ማነስ አልፈለግኩም። ኩራት ራቱ የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ የምሬን።


5. «ታዲያ ለምን መልሱልኝ አላልክም?»

ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አንባቢ ሁልጊዜ በሰው ገንዘብ ጎበዝ ነው።

እትዬ አሰገደች ሕዝብ ፊት አቅፈው «ልጄ!» ብለውኛል። ሁለት ሺህ ሰጥተው የተቀመጡት የሙሽሪት አጎት በእኔ አፍረው፣ እንደገና ተሰልፈው አንድ ሺህ ጨምረዋል። አሁን ተነሥቼ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ልበል?

አፈርኩ። እውነቱ ይኸው ነው። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሰው ቢያጨበጭብልኝ፣ እሱን መመለስ ከብሩ በላይ ከበደኝ።

እትዬ አሰገደች ደግሞ በሠላሳ ኪራይ ያልከፈለን ሰው አይታገሡም። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ አልጋ ሁለት ቀን ደጅ ሲያድር በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ሠላሳ የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር።


6. የተሻሻለ በጀት

ቁርስ፦ ተሰርዟል።

ምሳ፦ የሠርግ ትራፊ። እትዬ አሰገደች «ለልጄ አድርሱለት» እያሉ ይልኩልኛል። ኪራዬን በወጥ መልክ እየበላሁት ነው።

ራት፦ ከላይ እንደተገለጸው፣ ኩራት።

ባጃጅ፦ እግር።

ሬዲዮ፦ በስድስት መቶ ተሸጧል። ዜና በጎረቤት ግድግዳ በኩል ይሰማል፤ ስፖርቱ ላይ ግን ይዘጉታል።

ልዩ ገቢ፦ ሀብታም ነው ተብሎ አራት ሰው ሊበደረኝ መጣ። በጽሑፍ አቅርቡ አልኳቸው። መጻፍ አንችልም አሉ። ለእኔ የሚቀርበውን ማመልከቻ እኔው በሃያ በሃያ ብር ጻፍኩላቸው። አራቱንም አልተቀበልኩም።

ከባለ አሥሮቹ ጋር ድምር፦ 1,180 ብር።

ጉድለት፦ 3,820 ብር።


7.

(ይህ ቁጥር ለኪራይ ክፍት ነው። ቅድሚያ መክፈል የሚችል ይግባበት።)


8. ጥር ሠላሳ፣ ጠዋት

እትዬ አሰገደች በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ላገባ ነው።»

ከሰማይ ያመጣሁት አይደለም። በሠርጉ ቀን ያቀፈኝ ሁሉ «አንተም አግባና ብድርህን እንመልስ!» ብሎኛል። እኛ ዘንድ ስጦታ የሚመዘገበው ለዚህ ነው፤ ሰጪው ሲያገባ ይመለስለታል። ብድር በምድር። አምስት ሺዬ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ የሚያስወጣው ሠርግ ብቻ ነው።

እትዬ አሰገደች ፊታቸው በራ።

«እሰይ! በል ኪራዩ ይቆይ፣ ከሠርግህ በኋላ ትሰጠኛለህ። አምስት ሺህህን መጀመሪያ የምመልሰው እኔ ነኝ! መቼ ነው?»

«እ...»

«ሁዳዴ ሳይገባ ነው እንጂ! ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።» ወደ ግቢው ዞረው ጮኹ፦ «እናንተ! ድንኳኑን እንዳታፈርሱት!»

ተመልሰው ጠየቁ፦ «ለመሆኑ ልጅቷን አውቃታለሁ?»

«ያውቋታል» አልኩ።

ልጅቷ ግን አታውቅም።


9. ለአንባቢ

ጸሐፊ ስለሆንኩ አንዲት ሙሽራ ፈጥሬ ከዚህ ጉድ መውጣት እችል ነበር። ሞከርኩ። ሦስት መስመር ጽፌ ቀደድኩት፤ የፈጠርኳት ሁሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ እየሆነች አስቸገረችኝ።


10. ከጽሕፈት ቤቱ የተቀዳ ቃል

(በማግስቱ እትዬ አሰገደች የጥሪ ካርድ ሊያሠሩልኝ ወደ መሥሪያ ቤቴ መጡ። ስሞቹን በእጅ እንድትጽፍ ትርሲትን አስከትለዋል። «ሙሽሪትን ለእሷ ንገራት» ብለው ለድግሱ በሬ ሊዋዋሉ ወጡ። ሁለታችን ቀረን።)

ትርሲት፦ ሙሽራው ምንተስኖት ዓለሙ። ሙሽሪትስ?

እኔ፦ (ፎቶ ኮፒው ውስጥ ወረቀት ጨመርኩ።)

ትርሲት፦ ፖስታው ጀርባ ላይ «የጥር ኪራይ» ይል ነበር።

እኔ፦ አይተሻል?!

ትርሲት፦ እትዬ ሳያዩ በላጲስ አጠፋሁት።

እኔ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ትርሲት፦ ጠየቅኩህ እኮ። ስሜን ከነአባቴ ጻፊው አልከኝ።

(ፎቶ ኮፒው እንኳ ቆመ። መብራት ጠፍቶ ነው።)

እኔ፦ ሙሽራ የለኝም፣ ትርሲት። ያለኝ ድንኳን ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ካርድህን አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ራስ ምታት። ሦስቱንም ሐኪም ሳታይ ነው የሄድከው።

እኔ፦ ካርዱን ስትጽፊ ይሻለኝ ነበር።

(ሳቋን ልትይዝ ሞከረች። አልቻለችም።)

እኔ፦ ለኪራዩ ብዬ አይደለም። ከፈለግሽ ድንኳኑ ይፍረስ፣ አልጋዬም ደጅ ይውጣ። እንዲያውም እየጠየቅኩሽ ነው።

ትርሲት፦ ምንተስኖት፣ እርግጠኛ ነህ?

በዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ አምስት ሺህ ብር ከስሬያለሁ። አሁን ግን ግራና ቀኝ ኪሴን ዳበስኩ። ሁለቱም ባዶ ናቸው። የምሳሳትበት ፖስታ የለም።

እኔ፦ እርግጠኛ ነኝ።

ብዕሩን ከፈተች።


11. የጥሪ ካርድ

በእትዬ አሰገደች ግቢ፣ ባልፈረሰው ድንኳን፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ባለው እሁድ በሚደረገው ሠርግ ላይ እንድትገኙልን በአክብሮት ጠርተናል።

(ስጦታ የምታመጡ፣ ሳህኑን መጀመሪያ አስቀምጡ።)

ሙሽራው፦ ምንተስኖት ዓለሙ

ሙሽሪት (በእጅ ጽሑፍ)፦ ወ/ሪት ትርሲት