ለዱዓው የሚሆን ጫት

"ምን አበላሽው?" ጣሂራ የምራቷን ሻሽ ጨምድዳ ያዘች። "ልጄን ምን አበላሽው፣ አንቺ!"

"ኧረ ይልቀቁኝ አዮ፣ እናቴ!" አለች ሀሚዳ። "እኔና ልጆቼ የበላነውን ነው የበላው።"

"ታዲያ እናንተ ለምን አልታመማችሁም?"

ሀሚዳ ሻሿን ከአማቷ እጅ መነጨቀች። ባሏ አብዱልቃዲር ጭሮ ውስጥ ለኮሌራ በሽተኞች በተተከለው ድንኳን ተኝቶ ግሉኮስ ይንጠባጠብለታል። ትናንት ጠዋት ጫት ከመኪና ሲያወርድ የነበረ ሰውዬ፣ ዛሬ ዓይኑ ሰርጉዶ የሽማግሌ ፊት አውጥቷል።

ነርሷ ኑሃሚን ድንኳኑን ከከለለው ገመድ ወዲያ ሆና ተቆጣች። "እማማ፣ እዚህ ጠብ የለም! በምግብ ብቻ አይደለም፣ ባክቴሪያው በውሃም ይገባል። አንጀት ውስጥ ሆኖ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ነው የሰውነትን ውሃ ሙጥጥ አድርጎ የሚያስወጣው። ቶሎ ካልተተካ ይገድላል።"

"ያቀመሰችውማ ይቺትና!" አለች ጣሂራ።

"ወላሂ ውሃ አፍልቼ ነው የማጠጣው!"

እውነቷን ነው። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ወዲህ ማገዶ እየጨረሰች ታፈላለች። ለጣሂራ ማስረዳት ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ከመሰላ ወረዳ ዛሬ የመጣችው ልጇን ልትጠይቅ ቢሆንም፣ ይህችን ምራት ከመጀመሪያውም አልወደደቻትም፤ የምትወቅስበት ነገር ስታገኝ ደግሞ በሐዘኗ መሀል እንኳ ፊቷ ይፈካል።

ሀሚዳ ዓይኗን ከአማቷ ለማሸሽ ወደ ድንኳኑ ስታይ ከባሏ ቀጥሎ የተኛውን ለየችው። ባጃጅ ነጂው አክረም ነው። አክረም ቤቷ ገብቶ፣ እህሏን ቀምሶ አያውቅም። ጫቱን ግን ሁልጊዜ የሚወስደው ገበያ ላይ ከምትሸጥበት ከእሷ መደብ ነው። ባሏም የሚቅመው ከዚያው ነው። እሷና ልጆቿ አይቅሙም።

ጫቱ እንዳይጠወልግ የምትረጨው ውሃ ትዝ አላት። ከመደብ ጎረቤቷ ከሞሚና ጋር በጀሪካን ከድልድዩ ስር ከሚያልፈው ወንዝ እያስቀዱ ይካፈሉታል። እሱን ማን ያፈላል? ጫት ደግሞ አይቀቀል፣ እንደረጠበ ወደ አፍ ነው። ወዲያው ወደ ገበያ ገሰገሰች።

ጫት ተራ ስትደርስ ከበደሳ የመጣላትን ጫት ሞሚና ተቀብላ፣ ረጭታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና ጠበቀቻት። ሀሚዳ ማመስገን አቃታት። ደንበኛ ሲመጣ "ተይዟል" እያለች መለሰች። እውነቱን ብትናገር ገበያው ይነሳባታል፤ ጣሂራም ዕድሜ ልኳን "ባሏን የመረዘች" ትላታለች። ፈራች።

ወደ አመሻሹ ላይ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ ጣሂራ መጣች።

"ጫት ስጪኝ። ሽማግሌዎቹ ለልጄ ዱዓ ሊያደርጉ እናንተ ቤት ተሰብስበዋል።"

"ተይዟል፣ አዮ።"

"ጀመዓ ስሙልኝ! ለገዛ ባሏ ዱዓ ጫት ከለከለች!"

ገዢው ሁሉ ዞረ። "አታፍሪም?" አላት አንዱ።

"አዮ፣ ከኔ ይውሰዱ። ገንዘብም አልፈልግ" አለች ሞሚና፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ የጫት ዙርባ እየዘረጋችላት።

ጣሂራ ተቀበለችና ምራቷ እግር ስር ምራቋን ተፍታ መንገዷን ጀመረች። ሀሚዳ በዚያች ሰዓት ከልቧ ጠላቻት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዙርባው ከሞሚና ነው፣ እጇም የለበትም። ይህን እያሰበች ሳለ እግሯ ቀደማት፤ ሮጣ ዙርባውን ከአማቷ እጅ ነጠቀች።

"ይሄን ማንም አይቅመው! ልጅዎን ያሳመምኩት እኔ ነኝ፣ አዮ። በምግብ አይደለም፣ በዚህ ነው። የምንረጨው ውሃ ነው!"

"ጨል ጄዲ! ዝም በይ!" ሞሚና ክንዷን ቆንጥጣ ያዘቻት። "እንጀራችንን ልትዘጊው ነው?"

ሀሚዳ ክንዷን አስለቀቀች። መደቧ ላይ ወጥታ ቆመችና፣ የወዲያኛው ረድፍ ነጋዴዎችም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።