የአቶ አብዱራሕማን ታብሌት

መርዋ ኤደን ፕሬሪ በምትባል ከተማ ባለ ቢሮ ሶፍትዌር ትጽፋለች። ሲዋርድ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ አቶ አብዱራሕማን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደውሉላት ነበር፤ ስለ መድኃኒታቸው፣ ስለ በረዶው፣ አንዳንዴም እንዲሁ።

«አባ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ አትደውል» አለቻቸው አንድ ቀን ተቆጥታ። «ሐሳቤ ይበተናል።»

«ሥራ ላይ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

መርዋ ራሷ የጻፈቻት ትንሽ ፕሮግራም ነበረቻት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት እያለች ሰዓት የምትቆጥርላት። የምትታየው ግን በራሷ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቁጭ ብላ ፕሮግራሟ ሁኔታዋን፣ ሥራ ላይ ወይም ነፃ መሆኗን፣ ለሌሎች መሣሪያዎችም እንድትናገር አደረገች። ከዚያ ወዲህ የቢሮው የመልእክት መለዋወጫ ይህንኑ ከስሟ አጠገብ ያሳይ ጀመር። የአባቷ ታብሌትም ሲነኩት በትልልቅ ፊደል «ሥራ ላይ» ወይም «ነፃ» ይላል።

አቶ አብዱራሕማን ወደዱት። መደወሉንም ተዉ። መርዋ እፎይ አለች፤ እሑድ ስትጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ይሏታል፣ እሷም ከዚያ አታልፍም።

በፌብሩዋሪ አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው ኢብሲቱ በሩን ቢያንኳኩ መልስ አጡ። አቶ አብዱራሕማን በተኙበት አርፈው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን መርዋ ወደ አባቷ ታብሌት የሚሄደውን መልእክት ልታቋርጥ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሁኔታዋን ማን፣ መቼ እንደጠየቀ የሚመዘግብ ፋይል ነበር፤ ከፍታው አታውቅም። ከታብሌቱ የመጣው ጥያቄ ማለቂያ የለውም፤ በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። «ነፃ» የሚል መልስ ያገኙበትም ብዙ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ነፃ ሆና ሳለ አሥራ አንድ ጊዜ አይተዋል። አንዴም አልደወሉም።

ወዲያው መኪናዋን ነድታ ሲዋርድ፣ ኢብሲቱ ቤት ሄደች።

«እትዬ ኢብሲቱ፣ አባ ነፃ መሆኔን እያየ ለምን አልደወለም?»

ኢብሲቱ ወንበር ሳቡላት። «ስልኩን ያነሱና ‹አሁን ገና አረፈች፣ ትንሽ ትተንፍስ› ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ‹ሥራ ላይ› ካለ ደግሞ ‹ደህና ናት› ይሉኛል።»

«ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«የምታውቂ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። እሳቸውም እንደዚያው ነበር የሚያስቡት። ‹ባየኋት ቁጥር እሷም ታየኛለች› ይሉ ነበር።»

መርዋ አንገቷን ደፋች። ማየት ትችል ነበር፤ ፋይሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ኢብሲቱ እጇን ያዟት፤ አብረው ተቀመጡ።