አሥራ አምስተኛው ደቂቃ

ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ሲያሰማራ የኖረን ሰው በስተርጅና «ኮድ ጻፍ» ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? የስምሪት ክፍሉ ወደ ኮምፒዩተር ዞሯልና የነገውን ፈተና ያላለፈ ይሰናበታል ተባለ። ቤቱ ደግሞ የቆመው በእሱ ደመወዝ ብቻ ነው። ተማሪዋ ልጁ ከጎኑ ቁጭ ብላ የጻፈውን ታርማለች።

ከሃያ በታች ያሉትን የሦስትና የአምስት ብዜቶች መደመር ነበር ልምምዱ።

«አባባ፣ ሰባ ስምንት መምጣት ነበረበት። ያንተ ዘጠና ሦስት ይላል። አሥራ አምስትን ሁለቴ ደምረኸዋል፤ አንዴ ከሦስት ጋር፣ አንዴ ከአምስት ጋር።»

«ታዲያስ! አንዱ አውቶቡስ በየሦስት ደቂቃው፣ ሌላው በየአምስት ደቂቃው ቢወጣ፣ በአሥራ አምስተኛው ሁለቱም ይወጣሉ። ሁለቴ ነው የሚጻፈው።»

«ይሄ እኮ ቁጥር ነው እንጂ አውቶቡስ አይደለም! አንተ ደረቅ!» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ አንዴ የተደመረን ቁጥር የምታስዘልል አንዲት መስመር አስጻፈችው። ሰባ ስምንት መጣ። እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከፈተናው ተመልሶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ያው ጥያቄ መጣ? ስንት አለልህ?»

«ዘጠና ሦስት።»

«ውይ! መስመሯን ረሳሃት?»

«ጽፌያት ነበር፤ ሰባ ስምንትም ብሎልኝ ነበር። ኋላ ራሴ አጠፋኋት።»

ደሟ ፈላ። «ምን ነካህ? እያወቅክ? ምን ልንበላ ነው እንግዲህ?»

አባትየው መሬት መሬቱን እያየ ሹፌር ስለነበረው ስለ ወንድሙ ማውራት ጀመረ። ልጅቷ አጎቷ መኪና ተገልብጦበት እዚያው ሞተ ተብላ ነው ያደገችው።

«እዚያው አልሞተም። ያን ለት በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ሁለት አውቶቡስ ነው ያስወጣሁት፤ በጥድፊያ አንዱን ብቻ መዘገብኩ። ያልመዘገብኩት የእሱን ነው። ባዶውን እየነዳ ገደል ገባ። እኔ ተራዬን ጨርሼ ቤቴ ገብቻለሁ፤ መዝገቡ ላይ ስለሌለ አልወጣም ተብሎ የሚፈልገው ጠፋ። በማግስቱ እረፋዱ ላይ ሲደርሱለት ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ትፈታለት ጀመር።

«ቁጥር ነው ያልሽው እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አላት። «እጄ ግን ዳግመኛ አንዱን መሰረዝ አልሆንልህ አለኝ።»