ባለትዳር እንጉዳዮች

የላቦራቶሪው ሰዎች እሜቴ ሻጋታ ይሏታል። የበሰበሰ ግንድ ስትፈለፍል ወጣትነቷን ለጨረሰች ሴት ሲያንሳት ነው! ግንድ ከሚያበሰብሰው እንጉዳይ ቁራጭ ትወስድና በመስታወት ሳህን ታሳድጋለች። ከወንዙ ማዶና ከወንዙ ወዲህ የመጡትን አንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን እምቢ አሉ፤ አይቀላቀሉም፤ መሃላቸው ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ መስመር ይወጣል። እንግዲያው ሁለት ዝርያ ናቸው አለች። የማዶው ገና ስም አልወጣለትም፤ ስም አውጪዋ እሷ ልትሆን ነው።

ያሰበችው የእናቷን ስም ነው። እናቷ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ ዓይኗም ከድቷታል። መጀመሪያ ስትሰማ "ኧረ ወግጂልኝ! ስሜን ለእንጨት አበስባሽ?" ብላ ሳቀች። ኋላ ግን ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ ወሬዋ ይኸው ሆነ። "እኔ ብሞት ስሜ ጫካ ይቀራል" ትላለች። ያቺን ሴት እስካሁን ያቆያት ይሄ ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጥናቷ አማካሪ የሆነው ፕሮፌሰር ሳህኖቹን እየመጣ ያገላብጣል፣ ፎቶ ያነሳል። "ግፊበት" ይላታል፣ ሌላ ቃል የለውም።

የመመረቂያ ጽሑፏን ባቀረበችበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ከፈታኞቹ መሃል እጁን አወጣ።

"ቁራጮቹን ከምን ወሰድሽ?"

"ካደገው እንጉዳይ።"

"ያደገ እንጉዳይ እኮ ያገባ ነው! እንደ ዘር የሚበተኑ ሁለት ስፖሮች በቅለው፣ ተጋብተው ነው እዚያ የደረሱት። ታዲያ ባለትዳሮችን አጋጥመሽ 'አልተዋደዱም፣ ዝርያቸው ለየቅል ነው' ትያለሽ? አንድ ዝርያ ሆነውም ጎረቤታሞች ድንበር ያሰምራሉ። ዝርያ የሚለየው ላጤዎቹን፣ ገና ከአንድ ስፖር የበቀሉትን፣ አገናኝቶ ነው። እኔ አገናኘኋቸው፤ አንድም ሳይቀር ተጋቡ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ኮሪደር ላይ ተከትላ ደረሰችበት።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"የመጀመሪያዋን ሳህን ያየሁ ዕለት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ብነግርሽ ይህን ሁሉ ሳህን ታሳድጊልኝ ነበር? አንድ ዝርያ ውስጥ ስንት የተለያየ ዘር እንዳለ የሚያሳዩት እነዚያ መስመሮች ናቸው። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።" ከቦርሳው አዲስ የታተመ መጽሔት አውጥቶ ሰጣት። "ለማስታወሻ ይሁንሽ።" ሳህኖቹ የእሷ፣ ጽሑፉ የእሱ ብቻ። ወይ አለማፈር!

ቤት ስትገባ እናቷ ከትራሷ ቀና አለች።

"ወጣ?"

ልጅቷ መጽሔቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ወጣ፣ እማዬ።"

"እስቲ ስሜን አስነኪኝ።"

መጽሔቱን ገለጠችላት። በደማቁ የተጻፈው የፕሮፌሰሩ ስም ነው። የእናቷን ጣት ይዛ እዚያ ላይ አሳረፈችው። አሮጊቷ ወረቀቱን እየዳበሰች አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ስሙን ደጋግማ ሳመችው።

"ያስተማረሽን ሰውዬ ዕድሜውን ያርዝምልኝ" አለች።

"አሜን በይ እንጂ!" አለቻት ደግማ።

"አሜን" አለች ልጅቷ።