ይማም «ገና» አለ

የከፋለ ዱላ ሽው ብሎ ሲመጣ ይማም ጎንበስ ብሎ አሳለፈው፤ ከጠጠሩ መካከል ሩሩን ፈልቅቆ አወጣና በግራ እጁ ወደ ኲሓዎች ዳር ለጋው። ቆዳ የለበሰው ሩር ደረቁን ሣር እየጨረፈ በረረ። ከኋላ መቀሌዎች ተግተልትለው ተከተሉ።

«ግራኝ መጣ! ታቦታችሁን ደብቁ!» አለ ከዳር ቆሞ የሚያይ አንድ የኲሓ ጎረምሳ።

ይማም እየሮጠ አንገቱን መለስ አደረገለት። «ዘመዴ ነው፤ ሰላም ብሎሃል።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ጎረምሳውም አብሮ ሳቀ። በዚህ ቀን እንዲህ ተባብሎ የሚቀያየም የለም። ሩር ሲለጋ የዋለ ሰው ለጌታም ሆነ ለሎሌ ያሻውን ቢናገር፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አፉ አይከሰስም። እንኳን የወሎ ግራኝና የኲሓ ጎረምሳ፣ ባለርስቱም ስድቡን እየሰማ ፈገግ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሜዳው ጣሊያን አውሮፕላን ሲያሳርፍበት የነበረው ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ከብት ይውልበታል። በሁለቱም ጫፍ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረው ቀርተዋል፤ ሩር የባላጋራን ነጭ ድንጋይ ካለፈ ተቆጠረ ማለት ነው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ የእንደርታ መንደሮች እርስ በርስ ሲጋጠሙ ከርመው፣ ለልደት ቀን ሳይሸነፉ የደረሱት መቀሌና ኲሓ ብቻ ነበሩ። እስካሁን አንድ ለአንድ ናቸው። ከእንግዲህ ቀድሞ ያገባ የአገሩ ሁሉ አውራ ይባላል።

አገሬው ጨዋታውን «ቃርሳ» ነው የሚለው። «ገና» የሚለውን ስም ይዘው የመጡት ከወሎና ከሸዋ ተሰድደው መቀሌ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። የመቀሌ ልጆች ቃሉን ወደዱት፤ ባስቆጠሩ ቁጥር ዱላቸውን ወደ ላይ ሰቅለው «ገና!» ማለት አመጡ። ባላጋራዎቻቸው ደግሞ «ገና ናችሁ፣ ገና» እያሉ ያሾፉባቸዋል። በአማርኛም በትግርኛም፣ ያልደረሰ ነገር ገና ነውና።

ይማም የጨው ተራ ሠራተኛ ነው። ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ያወርዳል፣ ይደረድራል፣ የተሰበረውን ይለያል። ከሚስቱ ከዘኪያ ጋር የሚያድሩትም እዚያው የጨው መጋዘን ጥግ፣ በሰሌን በተከለለች ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ጨው ያለቅሳል፤ ግድግዳው ያወረዛል፣ ልብስ አይደርቅም። ዘኪያ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲህ አንድ ነገር ደጋግማ ተናግራለች።

«ልጄን ጨው ላይ አልወልድም፣ ይማም።»

የመጋዘኑ ጌታ አቶ ሥዩም የመቀሌ ቡድን አለቃ ነው። በኅዳር፣ ይማም በግራ እጁ ሲለጋ ያየው ቀን፣ በሰው ፊት ትከሻውን ይዞ፦ «ስማ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ኲሓን ያሸነፍን ዕለት ከአጥሬ ጥግ ቦታ እሰጥሃለሁ። ቤት ትሠራለህ፣ ጎረቤቴ ትሆናለህ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይማም በዚያ አጥር ጥግ ሲያልፍ እርምጃው ይቀንሳል። አንድ ሾላ አለ። ከሾላው ሥር ድንጋዩ ተለቅሞ ቢደለደል፣ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ቢዞር፣ አልጋው እዚህ ቢሆን... ዘኪያም ሳትነግረው ብቻዋን እየሄደች ታየዋለች። አንድ ቀን እዚያው ተገናኝተው ሁለቱም አፍረው ሳቁ።

አሁን ሩሩ ከነጮቹ ድንጋዮች አጠገብ ደርሷል። ይማምና ከፋለ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ እኩል ደረሱበት። ከፋለ የኲሓዎች ጉልበተኛ ነው፤ ገበሬ፣ ደረተ ሰፊ። ዱላቸው ተቆላለፈ። ከፋለ ተደናቅፎ በግንባሩ ሲደፋ ይማምም በላዩ ወደቀ። አቧራው ጨሰ።

ይማም ቀና ሲል ሩሩን አየው። ከነጩ ድንጋይ ወዲህ፣ አንዲት ስንዝር በምታህል ርቀት ላይ፣ አንዲት የደረቀች እሾህ ይዛው ቆሟል።

ከሜዳው መሐል የዳኛው የአቦይ ረታ ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተው በበቅሎ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአቧራው ውስጥ የሚያዩት ነገር የለም።

«ኣትያ'ዶ?» ብለው በትግርኛ ጠየቁ። ቀጥለውም ለይማም በአማርኛ፦ «አለፈች ወይ ልጄ፣ ወደይ?»

ይማም ትንፋሹ ተቆራርጧል። ያለችውን አንዲት ቃል አወጣት።

«ገና!»

አልፏል ቢል ዋሽቷል ማለት ነበር፤ እሱ ያለው ግን እውነቱን ነው። ከኋላው የሚመጡት መቀሌዎች የሰሙት ሌላ ነው። «ገና!» አለ አንዱ። «ገናአአ!» አሉ ሁሉም። ዱላው ሁሉ ወደ ሰማይ ተሰቀለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የሚሮጠው እግር እሾህዋንም ሩሩንም ይዞ አለፈ። ሩሩ ከነጩ ድንጋይ ማዶ ተንከባሎ ሄደ፤ አንዱ አንሥቶ ሳመው።

ከፋለ አፉ ውስጥ የገባውን አፈር እየተፋ ተነሣ። «አላለፈችም!» አለ። ግን የተሸነፈ ሰው እንዲህ ማለቱ ያለ ነው፤ ማን ይሰማዋል።

ይማምን በትከሻ ተሸከሙት። ከላይ ሆኖ ሲያይ ዘኪያ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እያውለበለበች ነበር። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ከሩቅ አልለይ አለው። ተሸክመውት ወደ ሴቶቹ ሲቃረቡ አቶ ሥዩም ወደሷ ጠጋ ብሎ ሲናገር ሰማ።

«እንታይ ደአ፣ እንግዲህ ዘኪያ፣ በሩን በየት በኩል ልታደርጊው ነው?»

«በፀሐይ መውጫ» አለች ዘኪያ ሳታቅማማ።

«ዋእ! አስበሽበታል እንዴ?»

«እርስዎ ካሉ ጀምሮ ሌላ ምን አስባለሁ፣ ጌታዬ።»

ይማም ከተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ወረደ። ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ዳር ወጣ። ቅሉን አንሥቶ ሲጎነጭ ከፋለ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ቁጣ የለውም። ጉልበቱ ተልጦ ደም አቅርሯል።

«ደኅና ነህ?» አለው ይማም።

«ደኅና ነኝ። እንደ አሞሌ ነው የተጫንክብኝ።» ከፋለ ቅሉን ተቀብሎ አፉን ተጉመጠመጠና ተፋ። «አንተ አይተሃታል፣ ይማም።»

ይማም ከዱላው ጫፍ ላይ አቧራውን ጠረገ።

«ገና ነው ያልከው። እኔ ከሥርህ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። ገና ማለትህ ገና ማለትህ ነበር።»

«ብናገርስ አሁን ማን ይሰማኛል? ሁሉም ዘፈን ላይ ነው።»

«ታዲያ ዝፈነዋ» አለ ከፋለ፤ ቅሉን መለሰለትና እያነከሰ ወደ ወገኖቹ ሄደ።

የአሸናፊዎቹ ዘፈን ደርቷል። አውጪው ስንኝ እየደረደረ የኲሓን ሰው አንድ በአንድ ያነሣል፤ የዚህን ስስት፣ የዚያን ፍርሃት፣ የሌላውን የሚስት ቁጣ። ተቀባዩ እየደጋገመ ያደምቃል። ኲሓዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ስድባቸውን ይቀበላሉ፤ ተሸናፊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ይማም ያውጣ!» አለ አቶ ሥዩም። «ያገባው እሱ ነው፤ ይማም ያውጣልን።»

«ይማም! ይማም!»

ስሙን እንዲህ በአንድ አፍ ሲጠሩት የመጀመሪያው ነው። በጨው ተራ «ወሎዬው» ነው የሚሉት፤ «ወሎዬው፣ ያንን አንሣ፣ ወሎዬው፣ ይህን አውርድ»። መሐል ገባ። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ዘኪያን አየ፤ እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ታየዋለች። ከሷ ላይ ዓይኑን ነቅሎ ወደ ፀሐይዋ ዞረ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከጠለቀች በኋላ የሚናገር ሰው ለቃሉ ተጠያቂ ነው፤ አሁን ግን አፍ ነጻ ነው።

ድምፁን አወጣ፤ ድምፁ የወሎ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ።

«መቀሌ ጨፈረ፣ ገና ብለው ገና፣
ሩሯ ከድንጋዩ መች አለፈችና።»

ተቀባዩ እንደ ልማዱ እየዘለለ ደገመው። ሁለተኛ ደገመው። በሦስተኛው ከፊተኞቹ አንዱ ዝላዩን አቆመ፤ ከዚያ ሌላው። ጭብጨባው ከዳር ወደ መሐል እየሳሳ መጣ። በመጨረሻ ጮክ ብሎ ይዘፍን የነበረው አንድ የመቀሌ ጎረምሳ ብቻ ቀረ፤ እሱም ብቻውን መሆኑን አውቆ «...አለፈችና» ብሎ ዝም አለ።

መጀመሪያ የሳቁት አቦይ ረታ ናቸው። በቅሏቸው ላይ እንዳሉ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እኔን ነው የሰደበኝ» አሉ። «እኔን፣ ዳኛውን። ጆሮ የለህም ነው ያለኝ።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አላለፈችም በለኛ፣ ወደይ።»

«ሲጠይቁኝ ገና ነበር፣ አቦይ ረታ። እኔም ገና አልኩ።»

አቶ ሥዩም ከሰው መካከል ወጣ። ፊቱ አይነበብም። ይማም ዱላውን ጨብጦ ጠበቀው። ሰውየው አጠገቡ ሲደርስ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ቦታውን ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም።»

«ለዘኪያ ነግሬያታለሁኮ። በሰው ፊት።»

«ሰምቻለሁ።»

አቶ ሥዩም ወደ ምዕራብ ተመለከተ፤ የቀረችውን ፀሐይ የሚለካ ይመስላል። አቦይ ረታ ከበቅሏቸው ላይ ጮኹ።

«ይኣክል፣ ይበቃል! ጨዋታውን ፀሐይ ሳለች እንጨርሰው። ሩሯን አምጡ። ይማም፣ ቦታውን አሳየን።»

ሩሩን የሳመው ልጅ እያቅማማ አስረከበው። ይማም ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ ነጮቹ ድንጋዮች ሄደ። እሾህዋ ተረጋግጣ ጠፍታለች። ምልክት የሚሆን ነገር የለም፤ ሩሩን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ቢያስቀምጠው የሚከራከረው አይኖርም ነበር፤ ከፋለ እንኳ ከአፈር ውስጥ ሆኖ በልኩ አላየም። ዘኪያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ሥራ ልትጀምር ስትል እንዲያ ነው የምታደርገው።

ይማም ተንበረከከ። መሬቱን በመዳፉ ደለደለና ከነጩ ድንጋይ ስንዝሩን ለክቶ ሩሩን አስቀመጠ።

«ቦታው እዚህ ነው» አለ።

ከፋለ እያነከሰ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ከይማም ኋላ ደግሞ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ዞር ሲል አቶ ሥዩም ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከእሱ በስተቀኝ ቦታውን ያዘ።