ቀርፋፋ ጥይቶች

ትከሻዬን የሰበረችው ተማሪዬ ናት። መኪና መንዳት ሳስተምር ኖሬ ኖሬ፣ ጡረታ ልወጣ አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ፣ ፍሬን ረገጥኩ ብላ ነዳጅ የረገጠች ልጅ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተመችኝ። ሐኪሙ ትከሻዬን በብሎን ጠጋግኖ ሲያበቃ፣ «ተኩስ የሚባለውን ነገር እርሳው፤ የጠመንጃ ምት አትችለውም» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም የምወደው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሚስቴ፣ ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ በተኩስ ክለባችን ሜዳ ላይ በደረቴ ተኝቼ የብረት ዒላማ መጣል። ስንቱን ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንደተኛሁ አትጠይቁኝ። «እንዴት አደርክ» ለሚለኝ ሰው እንኳ የምመልሰው በልመና ነበር።

በኋላ ሚስቴ ናት «ተነስ አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንዴ ሞክረው» ብላ ያስነሳችኝ። ባዶ ቀለሁን እንደገና ባሩድ እያደረገች ጥይቶቻችንን የምትሞላው እሷ ነች። ዕድሜዋን በሙሉ መድኃኒት ስትመዝን የኖረች ሴት ስለሆነች ባሩድ ስትመዝን እጇ ዝንፍ አይልም፤ እኔ ከነካሁት ግማሹ ወለል ላይ ነው። ሄድን። ተኮስኩ። ምን ልበላችሁ፣ ምንም! ጠመንጃው ትከሻዬን ዳበስ አድርጎኝ ዝም አለ። ጥይቱ ብቻ ከዒላማው ዝቅ ብሎ አረፈ። «ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ተዛንፎ ይሆናል» አለች። አስተካከልኩት፣ ዒላማው ወደቀ። ያን ቀን እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ። ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል!

ስለዚህ ሻለቃ የዓመቱን የቡድን ውድድር ሲያነሳ «እኔም አለሁበት» አልኩ። ሻለቃ የምንለው የቡድናችንን አለቃ ነው፤ የጦር ሰፈር በር እንኳ ረግጦ አያውቅም፣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ቦታህ ክፍት ነው፤ ግን ሕጉን ታውቃለህ» አለኝ። «ጥይትህ በሰከንድ ሰባት መቶ ሜትር ካልሄደ ከበር ትመለሳለህ። ለክተህ ና።» ወደ ቡድኔ ለመመለስ የቀረችኝ ያቺ ቁጥር ብቻ ነበረች።

ክሮኖግራፍ የሚሉትን የጥይት ፍጥነት መለኪያ ልንገዛ ሄድን። ሚስቴ መንገዱን ሙሉ «ምን ያደርግልሃል? ዒላማው ከወደቀ ወደቀ ነው» ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረልን። አንዱ አፈሙዙ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ነው፤ ታዲያ ክብደቱ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛባል። ሁለተኛው ከጠመንጃው ጎን ተቀምጦ ጥይቱን በራዳር ይከተላል፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ሳልነካው መለስኩት። ሦስተኛው ሁለት ዓይን ያለው ሣጥን ነው፤ ጥይቱ በላዩ ሲያልፍ አንደኛው ዓይን ያየዋል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ያየዋል፣ በመሃል ከፈጀው ጊዜ ፍጥነቱን ያሰላል።

«ይሄኛው ይሳሳታል?» አለች ሚስቴ።

«ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ከገባች ወይም የቤት ውስጥ መብራት ካወዛገበው አዎ፣ ይሳሳታል።»

«በል እሱን ስጠን!»

ሚስቴ የሚሳሳት ዕቃ ስትመርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቁጠባዋ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኳት። ሞኝ ነኝ እኮ!

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሣጥኑን አፈሙዙ ሥር ገትሬ ተኮስኩ። አንድ ሺህ አምስት መቶ! «አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የሞላሽው? ሮኬት?» ብዬ ዘለልኩ።

«በቃ አለፍክ፤ ዕቃችንን ሰብስበን እንሂድ» አለች።

ሻለቃ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጥይቱን መቼ ለካህ! የአፈሙዙን ጭስና ግፊት ነው የለካኸው። ጥቂት እርምጃ አርቀው።» አራቅኩት። አምስት መቶ ሰማንያ አምስት። ፀሐይዋ ናት ብዬ መከለያውን ሰካሁበት፤ አምስት መቶ ሰማንያ ሦስት። ዓይኖቹን በመሐረብ ወለወልኩ፣ ደመና እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ ሻጩን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት፤ ሣጥኑ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሻለቃ የራሱን ራዳር አምጥቶ ጎኔ አስቀመጠው። እሱም ያንኑ አለ። ቀጥሎ የራሱን ጥይት ከእኔ ሣጥን በላይ አሳልፎ ተኮሰ፤ ሰባት መቶ አርባ አሳየው። የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም።

ዞር ስል ሚስቴ የጠመንጃውን ከረጢት ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ባሩዱን ቀነስሽ?»

«ቀነስኩ። ምቱ ትከሻህን እንዳይጎዳው፣ እስከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ድረስ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአልጋ ከተነሳህበት ቀን ጀምሮ።»

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት «እንደ ሕፃን ታታልይኛለሽ? ድኛለሁ ብዬ አገር ምድሩን ሳደነቁር ዝም ትያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«መድኃኒት የሚሰጠው በሰውየው አቅም ነው» አለች።

«በሽተኛሽ ነኝ እንዴ?»

«ባሌ ነህ!» አለች። «ግድግዳ እያየህ ልትሞትብኝ ነበር እኮ!»

ሳምንቱን አኮረፍኩ። አኩርፌም አላበቃሁ፣ «ሙሉውን ሙይልኝ» አልኳት። እሷም መዝና ሞላችልኝ። ቅዳሜ ሣጥኑን በትክክለኛው ርቀት አቆምኩና ቃታውን ሳብኩ። ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት!

«አለፍክ!» ብሎ ሻለቃ አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔ ጭልም ብሎብኛል፤ ትከሻዬ ውስጥ ያ ሁሉ ብሎን አንድ ላይ የተፈታ መሰለኝ። ሰው እንባዬን እንዳያይ የወደቀ ቀለህ የምፈልግ መስዬ ሣሩ ውስጥ አቀረቀርኩ። ውድድር ደግሞ በአንድ ጥይት አያልቅም። ሚስቴ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደች።

«አመመህ?»

«አመመኝ» አልኳት። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ቃል ከአፌ የሰማችው ያኔ ነው። ያን ሁሉ ወር ሳፏጭ ስታየኝ ምን ያህል ደስ ብሏት፣ ምን ያህልስ ፈርታ እንደነበር ገባኝ።

ማታ ሻለቃ ደወለ። «ስም ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው፤ ላስገባህ?»

«አታስገባኝ።»

«ምነው? ትከሻህ ነው?»

ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ባሩድ እየመዘነች ነበር። እጇ ሚዛኑ ላይ ቀጥ አለ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

«ጥይቶቼ ቀርፋፋ ናቸው» አልኩት።

«ታዲያ ይሄ ምን ችግር አለው? ሚስትህ ትንሽ ትጨምርበታ!»

«የለም፣ እንዳትጨምር» አልኩት። «ለእኔ ልክ ናቸው።»